ሣሩን የከሰሰችው ዘርትሁን

ተረቴ መጣች!
— በሩን ክፈቱላት!
እግሯ ጭቃ ነው!
— ገብታ ትታጠብ!

እንግዲያው ተጠጉ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ እህትህን መቆንጠጥህን ተውና ጆሮህን ወዲህ አምጣ።

በድሮ ጊዜ ወይራ አምባ በምትባል አገር ፊታውራሪ ጉልላት የሚባሉ ገዥ ነበሩ። ፊታውራሪ ክፉ ሰው አልነበሩም። ያዩትን ሁሉ የሚመኙ ሰው ነበሩ እንጂ። ድሃ ሲመኝ ራሱ ይቸገራል፤ ጌታ ሲመኝ ግን አገር ይቸገራል።

አንድ ጊዜ ፊታውራሪ ለንጉሡ ግብር ሊያስገቡ ወደ ከተማ ሄዱ። በቤተ መንግሥቱ ደጅ ሰፊ ሣር አዩ። አጭር ነው፤ እኩል ነው፤ አረንጓዴ ነው። ላም የለበትም፤ በግ የለበትም። ሰው ቆሞ ያየዋል፤ አይቶም ይሄዳል። ፊታውራሪ ያን ሣር ካዩ ወዲያ እህል አልወርድ አላቸው። አገራቸው ሲመለሱ ገና ከበቅሎ ሳይወርዱ፣ "ሣር!" አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለች ደጅ ወጥተው ተቀበሏቸው። በዚያን ጊዜ የፊታውራሪ ግቢ የወይዘሮ አስካለች ጓሮ ነበር። ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ ዱባው፣ ጌሾው፣ ጤና አዳሙ፣ ሁሉም ከዚያው ነበር የሚለቀመው።

"ይህ ሁሉ ይነቀል። ሣር ይተከልበት" አሉ ፊታውራሪ።

"ለከብቱ ነው?" አሉ ወይዘሮ አስካለች።

"ከብት አይደርስበትም።"

"ለቤት ክዳን ነው?"

"ማጭድ አይነካውም።"

"ታዲያ ለምን ሊሆን ነው?"

"ለመታየት!"

ወይዘሮ አስካለች ጎመናቸውን ዘወር ብለው አዩት። "ጎመኔስ አይታይም ነበር?" አሉ። በማግስቱ ጓሮው ተነቀለ፤ ሰርዶ ተተከለበት። ጊዜው ሰኔ ነበር።

ሐምሌ መጣ፤ ዝናብ ዘነበ። ነሐሴ መጣ፤ ዝናብ ዘነበ። ሣሩ ለመለመ። ፊታውራሪ ከሰገነታቸው ሆነው ሲያዩት ልባቸው ሞላ።

"ይህን ሣር ማን አለመለመው?" ብለው ጠየቁ።

ሰዎቹ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። አንድ ሰው ግን ሰማዩን አላየም። ጠገናው ይባላል። ሥራው ጭራ ይዞ ከፊታውራሪ ኋላ መቆም ነበር። ዝንብ ሲመጣ ጭራውን ይነቀንቃል፤ ፊታውራሪ ሲናገሩ ራሱን ይነቀንቃል።

"እኔ ነኝ ጌታዬ" አለ ጠገናው።

"እንዴት አድርገህ?"

"አዘዝኩት። ማለዳ ማለዳ እወጣና፣ 'ፊታውራሪ ለምልም ብለዋል' እለዋለሁ። ስምዎን ሲሰማ ደንግጦ ይለመልማል።"

ፊታውራሪ ሰው እንደሚፈራቸው ያውቁ ነበር። ሣርም እንደሚፈራቸው የሰሙት ገና ያን ቀን ነው። ደስ አላቸው። ለጠገናው ካባ አለበሱት፤ በቅሎ ሰጡት፤ የሣር አዛዥ ብለው ሾሙት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዛዥ ጠገናው ተባለ።

በዚያው ነሐሴ ተራራው ለምልሟል፤ ገደሉ ለምልሟል፤ የቤቱ ክዳን እንኳ ሣር አብቅሏል። አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ፣ "ገደሉንስ ማን አዘዘው?" አለ። አለ እንጂ ጮክ ብሎ አላለም።

መስከረም አለፈ፤ ጥቅምት አለፈ። ኅዳር ገባ። የሣሩ ጫፍ ቢጫ ሆነ።

"አዛዥ!" አሉ ፊታውራሪ።

"አቤት ጌታዬ!"

"ሣሬ ምን ሆነ?"

"ጠላት ገባበት ጌታዬ!"

"ማነው የደፈረኝ?"

"ፀሐይ ናት!"

ፊታውራሪ ተቆጡ። "ትከልከል!" አሉ። አዋጅ ተነገረ። የወይራ አምባ ሰው ሁሉ ጋቢውንና ነጠላውን ይዞ ወጣ። ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ ጨርቁን በራሱ ላይ ዘርግቶ፣ ሣሩን ከፀሐይ ሲጋርድ ዋለ። በዚያ ሰሞን ጤፉ ደርሶ ነበር። አጫጁ ሁሉ ለሣር ጥላ ሆኖ ሲውል ጤፉ እማሳው ላይ ረገፈ። ሣሩም በሰው እግር ተረግጦ ይብሱን ቢጫ ሆነ።

ታኅሣሥ ገባ።

"አዛዥ!" አሉ ፊታውራሪ።

"አቤት ጌታዬ!"

"ሣሬ ምን ሆነ?"

"ጠላት ገባበት ጌታዬ!"

"ደግሞ ማነው?"

"ከራሱ ውስጥ ነው። ቢጫው ሣር ሸፍቷል። አረንጓዴውንም እያስሸፈተው ነው።"

"ሽፍታው ይለቀም!" አሉ ፊታውራሪ። አዋጅ ተነገረ። ሰው ሁሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ ቢጫ ቢጫውን ሣር አንድ በአንድ ሲነቅል ሰነበተ። በየአውድማው የተከመረው እህል ወቂ አጣ፤ አይጥ ፈነጨበት። ቢጫው ተለቅሞ ሲያልቅ ግቢው የመላጣ ራስ መሰለ። አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ ብቻ ቀረ።

ጥር ገባ። የፊታውራሪ ሴት ልጅ ሰርግ ደርሶ ነበር። አማቾቻቸው ከሩቅ አገር ሊመጡ ነው። ፊታውራሪ ደግሞ ለአማቾቻቸው፣ "ደጄ በጥር ለምለም ነው" ብለው ልከዋል።

"አዛዥ!" አሉ ፊታውራሪ።

"አቤት ጌታዬ!"

"ሣሬ ምን ሆነ?"

"ጠላት ገባበት ጌታዬ!"

"አሁንስ ማን ቀረ?"

አዛዥ ጠገናው ወዲያ አየ፤ ወዲህ አየ። ከግቢው በላይ ምንጭ አለች። የወይራ አምባ ሰው የሚጠጣው ከእሷ ነው፤ ሌላ ውኃ በቅርብ የለም። "ሕዝቡ ነው ጌታዬ" አለ። "ለሣርዎ የሚገባውን ውኃ ይጠጡበታል።"

ቦይ ተቆፈረ። ምንጯ ወደ ፊታውራሪ ግቢ ተጠለፈች። ዘበኛ ቆመባት። ሣሩ ውኃ ሲያገኝ ከሥሩ ያቆጠቁጥ ጀመር፤ ያ መላጣ ግቢ እንደገና አረንጓዴ ለበሰ። ፊታውራሪም በሕዝቡ ፊት፣ "አዛዥ፣ እንዴት አድርገህ አለመለምከው?" ብለው ጠየቁ።

አዛዥ ጠገናው ካባውን አስተካከለ። "የሚያለመልመውስ ትእዛዜ ነው። ውኃው ለክብሩ ያህል ነው" አለ።

ሕዝቡ ግን ተጠማ። ሴቶች እስከ ታችኛው ገደል እየወረዱ ከወንዝ ይቀዱ ጀመር። ማለዳ የወጣች ሴት የምትመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከብቱ በየበረቱ ይጮኻል።

ከምንጯ ግርጌ ዘርትሁን የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ከሞተ ሰንብቷል። ሀብቷ አንዲት ቁራሽ መሬትና ቦራ የምትባል ላም ናት። ምላሷ ግን ከጥማድ በሬ የበለጠ ያርሳል።

አንድ ቀን ዘርትሁን ከወንዝ ስትመለስ ቦራ ወድቃ አገኘቻት። ጥጃዋ የደረቀ ጡቷን ይልሳል። ዘርትሁን እንስራዋን አወረደች። ለራሷ የቀዳችውን ውኃ በቅል እየቀነሰች በላሟ አፍ ጨመረችላት። ቦራ ጠጣች፤ ግን መነሣት አልቻለችም። ዘርትሁን አጠገቧ ተቀምጣ አንገቷን ዳበሰቻት።

"ቦራዬ" አለች፣ "ዕድሜሽን ሙሉ ሣር ስትበዪ ኖርሽ። ሣር ይበላኛል ብለሽስ አስበሽው ታውቂያለሽ?"

አለቀሰች። አልቅሳም ስታበቃ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሽማግሎቹ ሄደች።

"አባቶቼ፣ ክስ አለኝ" አለቻቸው።

"ማንን ልትከሺ ነው?" አሏት።

"ውኃዬን የወሰደብኝን።"

ሽማግሎቹ ተያዩ። "አንቺ ልጅ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም? ፊታውራሪን ከሰሽ የት ልታድሪ ነው?"

"ፊታውራሪን መች እከሳለሁ አልኩ? እኔ የምከሰው ሣሩን ነው" አለች።

ሽማግሎቹ ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው አንዱ፣ "ሣር አይከሰስ የሚልስ ተረት ሰምቼ አላውቅም" አለ።

የችሎት ቀን ደረሰ። ፊታውራሪ በትልቁ ወይራ ሥር ተቀመጡ። ሕዝቡ ዙሪያውን ቆመ። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው፣ ተያይዘው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። ዘርትሁንም የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራ ቀረበች። ቋጠሮው ላይ አንዲት ሣር ታንጠለጥላለች።

"ከሳሽ አንቺ ነሽ። ተከሳሽሽ የታል?" አሉ ፊታውራሪ።

"ይኸው ጌታዬ፤ አስሬ አምጥቼዋለሁ" ብላ ሣሯን አሳየች።

ሕዝቡ በሳቅ አወካ። ፊታውራሪም ሳቁ። ሣራቸው ለክስ እስኪበቃ ስመ ጥር በመሆኑ ሆዳቸው ደስ ብሎታል። "የሣሬ ጠበቃ ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ!" አለ አዛዥ ጠገናው፤ ካባውን እየጎተተ ወጣ።

ዘርትሁን ነጠላዋን አደገደገች። እጇን ዘረጋች።

"አዛዥ ጠገናው፣ ተጠየቅ!"

"ልጠየቅ!"

"ይህ ሣር ወተት ይሰጣል?"

"አይሰጥም።"

"ግብር ይገብራል?"

"አይገብርም።"

"ታዲያ ወተት የምትሰጠውን የላሜን ውኃ፣ ግብር የሚገብረውን የሕዝቡን ውኃ፣ ስለ ምን ይጠጣል?"

"ፊታውራሪን ስለሚያስከብር ነዋ!" አለ አዛዥ። ፊታውራሪም ራሳቸውን ነቀነቁ። "እውነት ነው፤ ያስከብረኛል" አሉ።

ዘርትሁን ይህ በር እንደተዘጋ ገባት። በተዘጋ በር ጭንቅላቷን አላጋጨችም። ሌላ በር አንኳኳች።

"መልካም። ያስከብር። አዛዥ፣ ተጠየቅ!"

"ልጠየቅ!"

"በክረምት ይህን ሣር ያለመለመው ምንድን ነው?"

"ትእዛዜ ነው።"

"ዝናቡ አይደለም?"

አዛዥ ካባውን በእጁ ዳሰሰ። ዝናቡ ነው ካለ ካባው የዝናቡ ሊሆን ነው። "ዝናቡማ አጃቢ ነው" አለ።

"ዛሬስ በጥር ወር የሚያለመልመው ምንድን ነው?"

"ነገርኩሽ እኮ። ትእዛዜ ነው። ውኃው ለክብሩ ያህል ነው!"

ዘርትሁን ወደ ሕዝቡ ዞረች። "ሰማችሁ?" አለች። ወደ ፊታውራሪም ዞረች። "ጌታዬ፣ ፍርድ ይስጡኝ። ሣሩን የሚያለመልመው የአዛዥ ትእዛዝ ከሆነ፣ ውኃው ለምን ይባክናል? ወደ ሕዝቡ ይመለስ። ሣሩን የሚያለመልመው ውኃው ከሆነ ደግሞ፣ ካባው ለምን ይባክናል? ወደ ጌታዬ ይመለስ። አንዱን ይምረጥ።"

አዛዥ ጠገናው ግራ አየ፤ ቀኝ አየ። ካባው ሞቀው።

"ትእዛዜ ነው!" አለ።

"ትወራረዳለህ?"

"በምን?"

"እኔ መሬቴንና ቦራን አስይዛለሁ። አንተ ካባህን፣ በቅሎህንና ሹመትህን አስይዝ። ውኃው እስከ ሰርጉ እሑድ ድረስ ወደ ሕዝቡ ይመለስ። አንተም ሣሩን እዘዘው። እሑድ ለምለም ሆኖ ከተገኘ እኔ ወጥቼ እሄዳለሁ።"

ውርርድ የሚወድ ሕዝብ ነው፤ "እሰይ!" አለ። ፊታውራሪም ነገሩ ጣማቸው። ደግሞም አዛዣቸውን ያምኑታል። "ይሁን!" ብለው ፈረዱ።

ቦዩ ተደፈነ። ምንጯ ወደ ቦታዋ ወረደች። ሴቶቹ እልል አሉ። ዘርትሁን ለቦራ በገበቴ ውኃ አቀረበችላት። ላሟ ጠጣች፤ ቀና አለች፤ ደግማ ጠጣች። ከዚያ በኋላ ጉልበቷን አጥፋ፣ ወገቧን አንሥታ ቆመች። ጥጃዋም ከሥሯ ገባ።

አዛዥ ጠገናውም ሣሩን ያዝዝ ጀመር።

መጀመሪያ በቃሉ አዘዘ። ግቢው መሐል ቆሞ፣ "ለምልም!" አለ። ሣሩ ዝም አለ። የጥር ፀሐይ አናቱን መታችው።

ቀጥሎ በነጋሪት አዘዘ። ነጋሪት መቺና እምቢልታ ነፊ አስጠርቶ፣ "በፊታውራሪ ስም፣ ለምልም!" አስባለ። በእንዝርት የምትፈትል አንዲት ጆሮዋ የደነቆረ ባልቴት ሳትቀር ሰማች። ሣሩ ግን አልሰማም። ጫፉ ቢጫ ሆነ።

በመጨረሻም በአለንጋ አዘዘ። "አንተ አመፀኛ!" እያለ ሣሩን ይገርፈው ጀመር። አንዱን ወገን ገርፎ ሲያበቃ ወደ ሌላው ይዞራል። ሣሩ ብን ብን እያለ እግሩ ላይ ተበተነ። ልጆች በአጥር ቀዳዳ እያዩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

እሑድ ደረሰ። ሣሩ እንደ ገለባ ደርቋል። ፊታውራሪ፣ ባለቤታቸው፣ ሕዝቡ ሁሉ ለቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። አማቾቹም በመንገድ ላይ ስለሆኑ ከዚያው ተገናኝተው አብረው ሊመጡ ነው። አዛዥ ጠገናው ግን "ቁርጠት ይዞኛል" ብሎ ቀረ።

ሰው ሁሉ ሲሄድለት ለድግሱ የቀሩትን ገረዶች ጠራ። "ግራዋ ቁረጡ! ውቀጡ!" አላቸው። ግራዋ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ቅጠሉ ሲወቀጥ አረንጓዴ ጭማቂ ይወጣዋል። ጭማቂው እንዲይዝለት ደግሞ ተልባ በጥብጦ ጨመረበት። ተልባም ታውቁታላችሁ፤ ይዝለገለጋል፤ ከያዘ አይለቅም። ያን አረንጓዴ ዝልግልግ በጋን አስሞልቶ፣ በመጥረጊያ እየነከረ ሣሩን ከዳር እስከ ዳር ቀባው። ቀብቶ ሲጨርስ ካባውን ለብሶ በር ላይ ቆመ።

ከቅዳሴ በኋላ ፊታውራሪ አማቾቻቸውን አስከትለው መጡ። በሩ ተከፈተ። ግቢው አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል!

"ወይ ጉድ! በጥር?" አሉ አማቾቹ።

"በጥር!" አሉ ፊታውራሪ። ደረታቸው ሊፈነዳ ደረሰ።

ዘርትሁን ከሕዝቡ መካከል ነበረች። ሣሩን ስታይ ባሏ ያቀናውን መሬት አሰበች። ቦራን በሰው እጅ ስትጎተት አሰበች። ያ የማያርፍ ምላሷ እንኳ ተሳሰረ።

"ዘርትሁን! አየሽ? ተረትተሻል!" አሉ ፊታውራሪ። ለሰርጉ አዲስ ነጭ ሱሪና አዲስ ነጭ ኩታ ለብሰዋል። ከደስታቸው ብዛት፣ "ኑ፣ አማቼ፣ እዚሁ ሣሩ ላይ እንቀመጥ!" ብለው ዘፍ አሉ።

አማቻቸው ዕድሜ የጠገቡ ሰው ነበሩ። "እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ በርጩማ ይሻለኛል" አሉ። ዕድሜ ደግ ነው።

ፊታውራሪ ግን ተቀምጠው ስለ ሣራቸው ብዙ ተናገሩ። እንዴት እንደሚፈራቸው፣ እንዴት እንደሚታዘዛቸው አወጉ። በመጨረሻ ምሳ ደርሷል ሲባሉ ሊነሡ አሉ። አልተነሡም። እንደገና ሞከሩ። ሁለት አሽከሮች ብብታቸውን ይዘው ሳቧቸው። ጥርቅ አለና ተነሡ። ወደ አዳራሹም ዞረው መራመድ ጀመሩ።

ሕዝቡ የፊታውራሪን ጀርባ አየ። ማን ደፍሮ ይናገር? አማቹ ጢማቸውን ያዙ። ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፈነች። የተናገሩት ወይዘሮ አስካለች ናቸው።

"ጌታዬ" አሉ፣ "ከኋላዎ ለምልመዋል።"

ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። ሽማግሎቹ ሳቁ፤ አማቾቹ ሳቁ፤ ዘበኞቹ ጦራቸውን ተደግፈው ሳቁ። ፊታውራሪ ዘወር ብለው የተቀመጡበትን አዩ። በዙሪያው ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ እሳቸው የተቀመጡበት ብቻ ቢጫ ሆኗል። አረንጓዴውን ሱሪያቸው ወስዶታል።

ፊታውራሪ ቀይ ሆኑ። "ጅራፍ!" ብለው ጮኹ። አዛዥ ጠገናው መሬት ወደቀ።

"ጌታዬ" አለች ዘርትሁን፤ ምላሷ ተፈቶላት ነበር። "ውርርዱን የረታሁት እኔ ነኝ። ካባውን ለእርስዎ መልሻለሁ። በቅሎዋንም ውኃ በመቅዳት ወገባቸው ለተቆረጠ ሴቶች ሰጥቻለሁ፤ ትጫንላቸው። የጠገናው ጀርባ ቢላጥ ግን ለኔ ምን ይረባኛል? ይልቅስ ሰውየውን ለአንድ ዓመት ይስጡኝ። ይህን ሣር አዝዣለሁ ብሏል፤ እስቲ ደግሞ ሣሩ እሱን ይዘዘው።"

"ግቢውስ?" አሉ ወይዘሮ አስካለች ጣልቃ ገብተው። "እኩሌታው ጓሮዬ ይሁን። አለዚያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሣር እየቀቀልኩ አላቀርብም።"

ፊታውራሪ በዚያ ሰዓት ሱሪ ከመቀየር በቀር የሚሹት ነገር አልነበረም። "ይሁን፤ ይሁን! ምንጩንም ማንም እንዳይነካ!" ብለው ወደ ቤት ሮጡ።

ጠገናው ማጭድና ዶማ ተሰጠው። በየካቲት የግቢውን ዛፍ ደረቅ ቅርንጫፍ ከረከመ፤ የወላለቀውን አጥር አጠረ። እጁ ተላጠ።

"እትዬ ዘርትሁን፣ አለቀ?" አለ።

"የየካቲቱ አለቀ። የመጋቢቱ ቀረ።"

በመጋቢት ከየበረቱ ፍግ ተሸክሞ አፈሰሰ። ካባ የለመደ ትከሻው በፍግ ቅርጫት ጎበጠ። ሚያዝያ ላይ ጠብ ጠብ ሲል አፈሩን ገለበጠ፤ ግንቦት ጓሉን ከሰከሰ፤ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቆፈረ።

"እትዬ ዘርትሁን፣ አሁንስ አለቀ?"

"የግንቦቱ አለቀ። የሰኔው ቀረ።"

ሰኔ ላይ በአንዱ ወገን ጎመንና ቃሪያ፣ በሌላው ወገን ሰርዶ ተከለ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ እየደበደበው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ገብቶ፣ አረም ሲነቅል ከረመ። ዛሬ የነቀለው ነገ ይበቅላል። ያዘዘው ሳይበቅልለት ያላዘዘው በቀለበት። ሣሩም ለመለመ። ፊታውራሪ በሰገነት ብቅ ብለው፣ "ማን አለመለመው?" ብለው ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ። ሚስታቸው ቀና ብለው ሲያይዋቸው ግን አዛጉና ገቡ።

በመስከረም ሣሩን አጨደ። አጭዶም ለከብት ሰጠ። በጥቅምት ቃሪያውን ቀጠፈ፤ ዘር ለቀመ። ኅዳር ላይ በጎመኑ ሥር ገለባ አለበሰ፤ ርጥበቱ እንዳያመልጥ። ታኅሣሥ ላይ ከወጥ ቤት የተረፈውን እጣቢ ለጎመኑ አጠጣ። ሣሩ ቢጫ ሆነ፤ ማንም አልጮኸም። ይረፍ ተባለ፤ ዐረፈ።

ጥር ገባ። ዓመቱ ሞላ።

"ጠገናው" አለች ዘርትሁን፣ "እዳህን ጨርሰሃል። ማጭዱን አስቀምጥና ሂድ።"

ጠገናው ማጭዱን በአጥሩ ላይ ሰቀለ። እጁን ታጠበ። ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ በሩ ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ዘወር አለ። በቃሪያው መደብ መሐል አንዲት አረም ብቅ ብላለች። ቆመ። አያት። ሄደ። ተመለሰ።

"ይቺን ብቻ" አለ፤ ጎንበስ ብሎም ነቀላት። ከአጠገቧ ሌላ አየ።

ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያው ነበር። ወይዘሮ አስካለች በመሶብ ወርቅ ሳይሆን በራሳቸው እጅ፣ ትኩስ ጎመን በእንጀራ ጠቅልለው አወጡለት። ያን የመሰለ ጎመን በልቶ እንደማያውቅ ተናገረ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ሹመት ቢሰጡት እንቢ አለ፤ ዶማውን ብቻ ለምኖ ወሰደ።

ፊታውራሪ ጉልላትም ነጭ ሱሪ ለብሰው ሣር ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

እናም ልጆቼ፣ የአገራችን ሰው "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" የሚለው ይህን እያየ ነው። ወይራ አምባዎች ደግሞ የራሳቸውን ይጨምሩበታል፦ "በዝናብ የተሾመ በፀሐይ ይሻራል።"

ተረቱ ለእናንተ፤ አንድ ቅል እርጎ ለኔ።